«ከማን ቀራህ?» — በአደባባይ ዋይፋይ ለምንገለገል ሁሉ

ዛሬ አንድ የከተማ ሰው ካፌ ገብቶ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ገና ሻይ ሳያዝ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር የዋይፋይ የይለፍ ቃል ነው። አስተናጋጁም ለምዶታልና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈችው ወረቀት በአገጩ ይጠቁመዋል። በሆቴል፣ በሆስፒታል መጠበቂያ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲሁ ነው። በነጻ የተገኘ ነገር ደግሞ ከማን ተገኘ ተብሎ አይመረመርም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎችን ስጠይቅ የማገኘው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ወገን «የሕዝብ ዋይፋይ የነካ ሰው ገንዘቡ ተዘረፈ ማለት ነው» ብሎ ያስፈራራል። ሁለተኛው ወገን «እኔ ምን አለኝና ምን ይወስዱብኛል» ብሎ ይስቃል። እንደኔ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ከሥሩ አልያዙትም። የመጀመሪያው የሚናገረው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እውነት የነበረና ዛሬ አብዛኛው የተለወጠ ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስልኩ ዛሬ ምን እንደተሸከመ ልብ አላለም።

ስልካችን ምን ተሸክሟል? ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የቤት ኪራዩ፣ የመብራቱ ክፍያ፣ ለእናት የሚላከው ወርኃዊ ወጪ፣ ሌላው ቀርቶ የዘካና የሰደቃው ገንዘብ ሳይቀር በስልክ መተላለፍ ጀምሯል። ጂዳ ወይም ዱባይ ያለች እህታችን በኢሞ ድምጿን ታሰማናለች፣ የላከችውን ሐዋላ ቁጥር በቴሌግራም ትጽፍልናለች፣ የፓስፖርቷን ፎቶግራፍ «እንዳይጠፋብኝ ያዝልኝ» ብላ በዋትስአፕ ትልክልናለች። እንግዲህ «እኔ ምን አለኝ» የሚለው ሰው የራሱ ቢቀር የሌሎች ብዙ አማና አለበት።

በአማራ ክልል ደግሞ ነገሩ ከምቾትም አልፎ ነበር። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና መቋረጡም ለብዙ ወራት ሲዘልቅ፣ በመስመር የተዘረጋ ኢንተርኔት በቀረባቸው ከተሞች ሰው ሆቴልና መሥሪያ ቤት እየፈለገ በሰው ዋይፋይ መጠቀም ግድ ሆነበት። ውጭ አገር ያለ ልጁ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የቸኮለ ሰው ያገኘውን ኔትወርክ «ይህ የማነው?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅም አይፈረድበትም። ነገር ግን ችግር ያስለመደን ነገር ችግሩ ቀለል ሲልም አብሮን ይኖራል።

በመጀመሪያ ዋይፋይ ምን እንደሆነ እንመልከት። ዋይፋይ ራዲዮ ነው። በስልካችንና ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ራውተር መካከል የሚሄደው ቃል በአየር ላይ ስለሚሄድ በዚያው ክፍል የተቀመጠ ሁሉ ጆሮ ካለው ሊሰማው ይችላል። የይለፍ ቃል የሌለው ኔትወርክ ሲሆን ማንም ይሰማል። የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሲሆንም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ምክንያቱም በብዙ ቦታ እስካሁን በሚሠራበት አሠራር ያንን ቃል የሚያውቅ ሰው ሌላው ሲገናኝ አድፍጦ ከጠበቀ የሌላውን ንግግር ሊፈታው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ኤሪክ በትለር የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ «ፋየርሺፕ» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ለሕዝብ ለቀቀ። ፕሮግራሙን የጫነ ማንም ሰው ካፌ ተቀምጦ አጠገቡ ያሉት ሰዎች የከፈቱትን ፌስቡክ በአንድ ጠቅታ በእነሱ ስም ሊገባበት ይችል ነበር። ሰውየው ይህን ያደረገው ለመስረቅ ሳይሆን ድርጅቶቹ ደንበኞቻቸውን ራቁታቸውን በአደባባይ እንደሚያስኬዱ ለማሳየት ነበር። አሠራሩ ለክርክር የሚጋብዝ ቢሆንም ውጤቱ አልዘገየም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጠቃሚዎቹን ንግግር ሁሉ በምስጢር ቁልፍ መቆለፉን አጠናቀቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ «ሌትስ ኢንክሪፕት» የተባለው ድርጅት ለማንኛውም ድረ ገጽ የቁልፍ ምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት በመጀመሩ ዛሬ የምንጎበኘው አብዛኛው ገጽ አድራሻው ላይ «ኤችቲቲፒኤስ» የሚል ምልክት ያለው ነው። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ መልእክቱን ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ቆልፎታል።

በመሆኑም ዛሬ አንድ ጆሮ ጠቢ ካፌ ተቀምጦ ቢያዳምጠን የሄድንበትን ቤት ስም ሊያውቅ ይችላል እንጂ በቤቱ ውስጥ የተባባልነውን አይሰማም። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። «የሕዝብ ዋይፋይ የነካ ሁሉ ይዘረፋል» የሚለው አባባል ያረጀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ አደጋው የት ሄደ? ከማዳመጥ ወደ ማስመሰል ተዛወረ። የዛሬው ሌባ ከባንኩ ጋር ስንነጋገር አያዳምጠንም። ራሱ ባንኩን መስሎ ያነጋግረናል።

ይህን ነጥብ ለማስረዳት ጋይንትን እንደ ምሳሌ ላንሳ። በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም በክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድ የድጓ ምስክር የሚሰጥበት ጉባኤ በመሆኑ የታወቀ ነው። አንድ ተማሪ ድጓውን ጎጃምም ይማር ትግራይ፣ ወሎም ይማር ሸዋ፣ ስንት ዓመት ደክሞ ቢጨርስም ቤተ ልሔም ገብቶ፣ በዚያ ባሉት መምህራን ፊት ዜማውን ተፈትኖ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ብሎ ወንበር መዘርጋት ይከብደዋል። ሰው የማያውቀውን መምህር የሚቀበለው መምህሩ ስለራሱ በተናገረው ሳይሆን የታወቀው ስፍራ ስለመሰከረለት ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎ ዳናን በመሳሰሉ የዒልም ማዕከላት አንድ ደረሳ ኪታብ ቀርቶ ሲጨርስ ከሸኹ ኢጃዛ ይቀበላል። በሌላ አገር ሄዶ ለማስተማር ሲቀመጥ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከማን ቀራህ?» የሚለው ነው። «ከእገሌ»፤ «እገሌስ ከማን?» እየተባለ ሰንሰለቱ ወደ ላይ ይወጣል። የሐዲስ ዓሊሞችም ንግግሩን ብቻ መርምረው አላቆሙም፤ ሰነዱን፣ ማለትም ማን ከማን ሰማ የሚለውን ሰንሰለት፣ ቀለበት በቀለበት መረመሩ። በመካከል አንድ ውሸታም ከተገኘ ንግግሩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ሰነዱ ውድቅ ነው።

ስልካችን የሚሠራውም ይህንኑ ነው። የባንካችንን ገጽ ስንከፍት ገጹ በመጀመሪያ የምስክር ወረቀቱን ያቀርባል። ወረቀቱ ላይ «ይህ ገጽ በእርግጥ የእገሌ ባንክ አድራሻ መሆኑን እኔ እመሰክራለሁ» የሚል የመስካሪ ድርጅት ፊርማ አለበት። ለዚያ መስካሪ ደግሞ ከበላዩ ያለው ይመሰክርለታል። ሰንሰለቱ የሚያበቃው ስልኩ ሲሠራ ጀምሮ በውስጡ በተመዘገቡ የታመኑ መስካሪዎች ነው፤ እነዚህን የስልኩ ቤተ ልሔሞች ልንላቸው እንችላለን። ስልኩ ይህን ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያጣራና ሰነዱ ከተያያዘለት ገጹን ይከፍታል። አንድ ቀለበት ከጎደለ ግን «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

ማስጠንቀቂያው በወጣ ጊዜ እኛ ምን እናደርጋለን? አብዛኛው ሰው ከታች በትናንሽ ፊደል የተጻፈችውን «ቀጥል» የምትለውን ፈልጎ ይጫናል። «ከማን ቀራህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ያለውን ሰው ሚንበር ላይ እንደ ማውጣት ያለ ነው። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ፤ ባትሪው ተነቅሎ የተመለሰ አሮጌ ስልክ ቀኑና ዓመቱ ሲዛባበት ለትክክለኛው ገጽም ይህን ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ የስልኩን ቀን ማየት ይገባል። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ በዚያ ኔትወርክ አለመሥራት ነው።)

ችላ ማለትና አለማለት የሚያመጣውን ልዩነት የኢራኑ ታሪክ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 «ዲጂኖታር» የተባለው የሆላንድ መስካሪ ድርጅት ተሰብሮ ተገባበትና በጉግል ስም ሐሰተኛ የምስክር ወረቀት ወጣ። በዚያ ወረቀት አማካይነት ወደ 300,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ በኢራን ያሉ፣ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ሰላይ በመካከል እንደገባባቸው ኋላ ታወቀ። ምስክሩ ራሱ ሐሰተኛ በመሆኑ የብዙዎቹ ኮምፒዩተር ምንም አልጠረጠረም። የጉግል «ክሮም» ብራውዘር ግን የጉግልን መስካሪዎች ለይቶ ያውቅ ስለነበር ማስጠንቀቂያ አወጣ። አንድ ኢራናዊ ይህን ማስጠንቀቂያ አይቶ «ቀጥል» ብሎ አላለፈውም፤ ምንድን ነው ብሎ በይፋ ጠየቀ። ነገሩ የተጋለጠው በዚያ ጥያቄ ነው። የብራውዘር ሠሪዎች ሁሉ ዲጂኖታርን ከታመኑ መስካሪዎች መዝገብ ሰረዙት፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ከሰረ። በሐዲስ ዓሊሞች ዘንድ ውሸት የተገኘበት ተራኪ ስሙ ከታማኞች ተራ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ይሁንና ምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው ለአንድ ነገር ብቻ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አድራሻው የዚያ አድራሻ ባለቤት መሆኑን እንጂ ባለቤቱ ሐቀኛ ሰው መሆኑን አይመሰክርም። ሌባም ከባንካችን ስም አንድ ፊደል ለውጦ አድራሻ ቢገዛ ለዚያ አድራሻ ትክክለኛ ምስክር ወረቀት ያገኛል። ሰው ይህን ባለማወቁ የቁልፏን ሥዕል ባየ ቁጥር «ደህና ነው» እያለ ስለተታለለ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፏን ሥዕል ከክሮም ላይ አንስቷታል። ስለዚህ አድራሻውን ፊደል በፊደል ማንበብ የእኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ የባንክ ጉዳይን በብራውዘር ሳይሆን ከስልኩ የመተግበሪያ መደብር በወረደው በራሱ በባንኩ መተግበሪያ መጨረስ ነው።

የኔትወርኩ ስም ግን ምስክር ወረቀት እንኳ የለውም። ማንም ሰው የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ የፈለገውን ስም ሊሰጠው ይችላል። ባለፈው በጋ ለሥራ ጉዳይ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጌ ንፋስ መውጫ ደርሼ ነበር። ባደርኩበት ሆቴል ሳሎን ስልኬን ስከፍት የሆቴሉ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ አየሁ፤ ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው። የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ጠርቼ «እህቴ፣ የእናንተ የትኛው ነው?» አልኳት። አንዱን አሳየችኝ፤ ሌላውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ «ይኼኛው ይፈጥናል» ብሎ በማይታወቀው በኩል ገብቶ ነበር። ስልኩ ላይ የመጣው ገጽ የስልክ ቁጥሩን ጠየቀው፤ ሰጠ። ቀጥሎም «አሁን የደረስዎትን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ያስገቡ» አለው። «ጋሼ፣ ቁጥሩን የላከልዎ ማነው? እስቲ መልእክቱን ያንብቡት» አልኩት። አነበበው፤ የቴሌግራም መግቢያ ቁጥር ነበር። ማን እንደከፈተው ሳይታወቅ ያ ኔትወርክ ወዲያው ጠፋ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ቁጥር መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ትክክለኛ የሆኑ የሆቴልና የአውሮፕላን ማረፊያ ኔትወርኮችም ስልክ ቁጥር ጠይቀው በመልእክት የማለፊያ ቁጥር ይልካሉ። ልዩነቱ ያለው መልእክቱ ላይ ነው። የዋይፋይ ማለፊያ የተባለው ቁጥር ከቴሌግራም፣ ከዋትስአፕ፣ ከቴሌብር ወይም ከባንክ የመጣ ከሆነ አንድ ሰው በዚያች ደቂቃ በእኛ ቁጥር እኛን ሆኖ ሊገባ በራችን ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቁጥሩን ከሰጠነው ቴሌግራማችን በእጁ ይገባል፤ ከዚያም በእኛ ስምና ፎቶግራፍ ለወዳጅ ዘመድ «ትንሽ ገንዘብ ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ላክልኝ» እያለ ይጽፋል። ጂዳ ያለችው እህት ወንድሟ መስሏት ትልካለች። የቴሌግራም ተራ ንግግር ሁሉ በድርጅቱ ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጥ የቆየው መልእክትና የፓስፖርቱም ፎቶግራፍ አብሮ ይወጣል። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆለፈው «ምስጢራዊ ንግግር» በሚለው የተጀመረው ብቻ ነው።

ይህ አደጋ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። የአውስትራሊያ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 በአውሮፕላን ማረፊያዎችና በበረራ ላይ የአየር መንገዱን የመሰለ ዋይፋይ እየከፈተ የመንገደኞችን የኢሜይልና የፌስቡክ የይለፍ ቃል ይሰበስብ ነበር ያለውን ሰው ከሷል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቴሌግራምም ሆነ በዋትስአፕ ቅንብር ውስጥ «ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ» የሚል አለ። እርሱን ከፍቶ እኛ ብቻ የምናውቀውን ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ወዲያ በመልእክት የመጣው ቁጥር ቢሰረቅ እንኳ ብቻውን በር አይከፍትም። በቴሌግራም «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ ደግሞ በእኛ ስም የገባ የማናውቀው ስልክ ካለ ማስወጣት ይቻላል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ራሳቸው አያደርጉትም፤ ለዒድ ቤተሰብ ሲሰባሰብ የእነሱን ስልክ ተቀብሎ ማስተካከል የልጆች ድርሻ ነው።

የገንዘብን ነገር በተመለከተ የእኔ ምክር አጭር ነው፤ በሰው ዋይፋይ ገንዘብ አታንቀሳቅሱ። የቴሌብር መተግበሪያ ራሱ የተቆለፈ ቢሆንም የራሳችንን ዳታ ከፍተን መጠቀም ስንችል የማናውቀውን ሰው በመካከል ማስገባት ምን ያደርጋል? ዳታ ከሌለ ደግሞ *127# ብሎ መደወል አለ። ይህ በስልኩ መስመር እንጂ በኢንተርኔት አይሄድም፤ የሆቴሉም ሳጥን ላይ አያልፍም።

ስለ ቪፒኤንም ጥቂት መናገር ይገባል። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል በታገዱበት ጊዜ ቪፒኤን የማያውቅ ወጣት አልነበረም። ሰው ከመተግበሪያ መደብሩ ማውረድ ሲያቅተው በዜንደር ከጓደኛው ስልክ ተቀባበለው። ቪፒኤን በአደባባይ ዋይፋይ ላይ ጥቅም አለው፤ የሆቴሉ ባለቤት የሄድንበትን ቤት ስም እንኳ እንዳያይ ያደርጋል። ነገር ግን ያንን ሁሉ የሚያየው የቪፒኤኑ ባለቤት ይሆናል። ከሆቴሉ ባለቤት ሸሽተን የማናውቀው አገር ወዳለ፣ ስሙንም ወደማናውቀው ሰው ሄድን ማለት ነው። በነጻ ሲሰጠን ደግሞ ወጪውን በምን ይሸፍናል ብሎ መጠየቅ የአባት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ መተግበሪያማ ሰነድ የሌለው ወሬ ነው፤ በመካከል ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። በዚያ ጊዜ የጫናችሁት ዛሬም ስልካችሁ ላይ ካለ አጥፉት።

ሌላው ስልካችን በራሱ የሚሠራው ጥፋት ነው። ስልክ አንድ ጊዜ የገባበትን ኔትወርክ ስም ያስታውሳል፤ በሌላ ቦታ ያንን ስም በተለይ የይለፍ ቃል ሳይኖረው ሲያገኝ ሳይጠይቀን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከሆቴሉ ስንወጣ በዋይፋዩ ስም ላይ ተጭኖ «እርሳ» ማለት፣ መንገድ ላይም ዋይፋዩን ማጥፋት ነው። ባትሪም ይቆጥባል።

እስካሁን የተናገርኩት ለተጠቃሚው ነው፤ የካፌና የሆቴል ባለቤቶች ግን ከዚህ ውጭ አይደሉም። ከእነሱም ብዙዎቹ የእኛው ነጋዴዎች ናቸው። ያየኋቸው ብዙ ራውተሮች ከሳጥናቸው ሲወጡ የነበራቸው «አድሚን» የሚለው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንኳ አልተለወጠም። እንዲህ ሲሆን ሻይ ሊጠጣ የገባ ማንም ጎረምሳ የሆቴሉን ራውተር እንደ ራሱ አድርጎ እንግዳውን ሁሉ ወዳሻው ገጽ ሊመራ ይችላል። በየራውተሩ ቅንብር ውስጥ እንግዶች እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚለይና ለእንግዳ ብቻ የሚሆን ኔትወርክ የሚከፍት ምርጫ አለ፤ የገጠመላችሁ ባለሙያ በአሥር ደቂቃ ያስተካክለዋል። የሒሳብ መዝገባችሁና የካሜራችሁ ሥዕል ከእንግዳው ጋር በአንድ መስመር መሆን የለበትም።

የሰውን ግንኙነት መጥለፍና ያለፈቃድ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። የእንግዳውን ስልክ ቁጥርና ስም በዋይፋይ ገጽ የሚሰበስብ ድርጅት ደግሞ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ለምን እንደሚሰበስብ የመናገርና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እንግዲህ ባለሆቴሎች፣ ግድግዳው ላይ የምትለጥፉት ወረቀት የይለፍ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የኔትወርኩን ትክክለኛ ስም ፊደል በፊደል፣ የምትጠይቁትንና የማትጠይቁትንም ጭምር ይጻፍበት። «የእኛ ዋይፋይ የቴሌግራም ወይም የባንክ ቁጥር አይጠይቅም» የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩበት የምታወጡት ወጪ የወረቀቱ ብቻ ነው።